ከፊኛ ምርመራ በኋላ ኪኒን ያስፈልገናል ወይ?
በአሽ-ሸዕብ በእህቶች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

እህቶቼ፣ ያለችን እረፍት አንዲት ናት፣ እሷን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔ እንደናንተው የሰው ቤት ሰራተኛ ነኝ፣ ትምህርቴም እስከ አስረኛ ክፍል ነው። የምነግራችሁን አገር ቤት ነርስ የነበረች እህታችን ቁጭ ብላ አስረድታኛለች።

የዓደንን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ቀኑን ሙሉ ያልበናል፣ ውሃ ግን በደንብ አንጠጣም። ሽንት ሲመጣም ስራው እስኪያልቅ እንይዛለን። ከዚያ ማቃጠል ይጀምረናል፣ አፍረን ዝም እንላለን። ነገሩ ሲደጋገም ወይም ደም ሲታይ ሐኪም የሽንት ፊኛን ውስጡን ልይ ሊል ይችላል። ይህ ምርመራ በሁለት አይነት ነው። አንዱ ሲስቶስኮፒ ይባላል፤ ካሜራና መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫ ይገባል። ሁለተኛው ዩሮዳይናሚክስ ነው፤ በቀጭን ቱቦ ፊኛው ውሃ ይሞላና ግፊቱ ይለካል።

ታዲያ ቱቦው ሲገባ ደጅ ያለውን ባክቴሪያ ይዞ ሊገባ ይችላል። የሴት የሽንት መውጫ አጭር ስለሆነ መንገዱ ቅርብ ነው። አንቲባዮቲክ ለመከላከያ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ግን ለሁሉም ሰው ያስፈልጋል ወይ? በ2012 የታተመ አንድ ግምገማ በዩሮዳይናሚክስ ላይ የተሰሩ 9 ጥናቶችን አሰባስቦ አይቷል። መከላከያ ካልወሰዱት ከ100 ሰው በ12ቱ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ፣ ከወሰዱት በ4ቱ። ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘት ግን መታመም ማለት አይደለም፤ በሚያቃጥልና በሚያሳምም ኢንፌክሽን ላይ ልዩነቱ በእርግጠኝነት አልታየም። ስለዚህ የአውሮፓ የሽንት አካላት ሐኪሞች ማህበር ለእንዲህ ያለው ቀላል ምርመራ ለሁሉም ሰው እንዳይሰጥ ይመክራል።

ለአንዳንዶቻችን ግን ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል። ኢንፌክሽን ቶሎ ቶሎ የሚመላለስባት፣ ስኳሯ ከፍ ያለባት፣ የሰውነት መከላከያዋ የተዳከመ፣ ቱቦ ተደርጎላት የቆየች፣ ጠጠር ያለባት ሁሉ አስቀድማ ትናገር። ከምርመራው በፊት ሽንት ላይ ኢንፌክሽን ከተገኘ ደግሞ መጀመሪያ መታከም አለበት።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙኝ፦ መከላከያና ህክምና ለየቅል ናቸው። መከላከያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መጠን ብቻ ነው፤ ቱቦው ሲገባ መድኃኒቱ ሽንት ውስጥ እንዲገኝ ምርመራው ሊደረግ ሲል ይሰጣል። በሦስተኛው ቀን ከሰይደሊያ ገዝተሽ የምትውጪው መከላከያ አይደለም። እዚህ ያለ ወረቀት ይሸጡልናል፣ እኛም የተረፈንን ለጓደኛ እናካፍላለን። አንዷ እህታችን የሌላ ሰው ሲፕሮፍሎክሳሲን ሁለት ፍሬ ወስዳ ማቃጠሉ ሲቀልላት ተወችው። ከሳምንት በኋላ ብሶባት ተመለሰ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሲለምድ ኪኒኑ አይሰራም። በ2019 በዓለም ላይ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ኢንሹራንስ ለሌለን ለኛ ርካሹ ኪኒን እምቢ ካለ ውዱን ከየት እናመጣለን?

ሐኪም ቤት ስትሄጂ እነዚህን የአረብኛ ቃላት ያዢ። አንቲባዮቲክ «ሙዷድ ሀየዊ» ነው። የሽንት ካልቸር «መዝረዓት በውል»። አለርጂ ካለብሽ «ዒንዲ ሀሳሲየህ» በይ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ከጠረጠርሽ «አነ ሃሚል» በይ፤ ለነፍሰ ጡር የማይሰጡ ኪኒኖች አሉና አታፍሪ። ኪኒን ከሰጡሽ ደግሞ ጠይቂ፦ ለመከላከያ ነው ወይስ ለህክምና? ስንት ቀን? ሲፕሮፍሎክሳሲን ከሆነ ከወተት ጋር አይወሰድም፣ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ለህክምና ከሆነ ቢሻልሽም የታዘዘልሽን ጨርሺ።

ከምርመራው በኋላ አንድ ሁለት ቀን ትንሽ ቢያቃጥል፣ ሽንትም ሮዝ ቢመስል አትደንግጪ። ሐኪም ካልከለከለሽ ውሃ ጠጪ፣ ሽንት አትያዢ። ነገር ግን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ጎንሽን ወይም ወገብሽን ካመመሽ፣ የረጋ ደም ከወጣ፣ ወይም ሽንት እምቢ ካለሽ ያኔውኑ ተመለሺ። ለማዳም «ዒንዲ ሁማ» በያት፣ ትኩሳት አለኝ ማለት ነው። «ነገ» ብትልሽ ዝም አትበይ፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ከወጣ ነገን አይጠብቅም። ለአንዳችን ደውዪ።

እህቶቼ፣ ምርመራ ያላት እህት ብቻዋን አትሂድ። አረብኛ የምትችል አንዷ አብራት ትሂድ፣ የታዘዘውንም በወረቀት ታጽፍላት። የተረፈ ኪኒን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አንሰጣጥ።