ኮድ የሚጠይቅሽ ሁሉ ሌባ ነው
(በእሁዱ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

ዛሬ ስለ ስልካችን እንድናገር ተመድቤያለሁ። እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፣ የምሠራውም እንደ እናንተው ሰው ቤት ነው። ግን በር መቆለፍ ትምህርት አይጠይቅም።

ለምን ስለ ስልክ? የብዙዎቻችን ፓስፖርት ያለው ማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። በእጃችን ያለው ስልኩ ብቻ ነው። እናታችንን የምናየው በሱ ነው። እቁባችን፣ የሐዋላ ደረሰኛችን፣ በክፉ ቀን የምንጠራቸው ሰዎች ቁጥር፣ ሁሉም እዚያው ነው። እሱን የወሰደ ዕቃ ብቻ አይደለም የወሰደው።

መጀመሪያ ስለ ኮድ። ዋትስአፕ በአዲስ ስልክ ላይ ሲከፈት ስድስት አሃዝ ያለው ኮድ በኤስኤምኤስ ይልካል። ሌባው ያንቺን ቁጥር በራሱ ስልክ ላይ ይጽፋል፣ ኮዱ ግን የሚመጣው ላንቺ ነው። ስለዚህ አንቺው እንድትሰጪው ማድረግ አለበት። «እህቴ፣ በስህተት ወዳንቺ ላክሁት፣ እባክሽ መልሺልኝ» ይላል። ወይ «ሽልማት ደርሶሻል»፣ ወይ «ከኤምባሲ ነው፣ ምዝገባ ነው» ይላል። አንዳንዴ የሚጠይቅሽ በምታውቂያት ልጅ ስምና ፎቶ ነው፤ የሷ ቀድሞ ስለተወሰደ ነው። ኮዱን ከሰጠሽው በኋላ ባንቺ ስም ለእቁብ ጓደኞችሽ «ሆስፒታል ነኝ፣ ትንሽ ብር ላኩልኝ፣ ሰኞ እመልሳለሁ» ብሎ ይጽፋል። እኛ ደግሞ እርስ በርስ እንተዛዘናለን፤ ሌባው የሚበላው ያንን አዘኔታችንን ነው።

እና ሕጉ አንድ ነው፦ ኮድ ለማንም አይሰጥም። ለእህትሽም፣ ለእጮኛሽም። የቴሌብርና የባንክ ምስጢር ቁጥርም እንደዚሁ ነው። ባንክ ደውሎ ምስጢር ቁጥርሽን አይጠይቅሽም።

ሁለተኛ፣ ሌላ ቁልፍ ጨምሩበት። ዋትስአፕ ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ አካውንት፣ ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚል አለ። እዚያ አንቺ ብቻ የምታውቂውን ስድስት ቁጥር ታስገቢያለሽ። ከዚያ በኋላ ሌባው በኤስኤምኤስ የመጣውን ኮድ ቢያገኝ እንኳ ሁለተኛው በር ይዘጋበታል። የልደት ቀንሽን አታድርጊው፤ ያንን ፌስቡክሽም ይናገራል። ቴሌግራምም ይሄው አለው።

ይሄ ለኛ ከሌላው ሰው ይበልጥ ያስፈልገናል። ብዙዎቻችን የያዝነው ሲም ካርድ የወጣው በማዳም ወይ በደላላ ስም ነው። ሲሙ በስሙ የሆነ ሰው «ጠፋብኝ» ብሎ ሌላ ማስወጣት ይችላል፤ ያኔ ኮዱ ወደ እሱ ይሄዳል። ኢቃማ ያላችሁ በራሳችሁ ስም አውጡ። ከቤቱ የምትወጪ ከሆነ ደግሞ የድሮውን ሲም ከመጣልሽ በፊት ዋትስአፕ ውስጥ ቁጥር መቀየሪያውን ተጠቅመሽ ወደ አዲሱ አዛውሪው።

ሦስተኛ፣ ስልክሽን ማን ነክቶታል? አንዲት እህታችን ከጓደኞቿ ጋር የተጻጻፈችውን ማዳም በማግስቱ ታውቀዋለች። ልጅቷ ጓደኞቿን ጠረጠረች፣ ተጣላች። በኋላ ሲታይ ዋትስአፗ ከቤቱ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ነበር። ሊንክድ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱና የማታውቁት ዕቃ ካለ አስወጡት። ቴሌግራም ላይ ዲቫይስስ የሚለው ውስጥ ሌሎቹን በሙሉ ባንዴ ማስወጣት ይቻላል። ከዚያ የስልካችሁን መክፈቻ ቀይሩ።

አራተኛ፣ ፎቶና ቪዲዮ። ቲክቶክ ላይ ስትጨፍሪ ከኋላሽ የማዳም ልጅ፣ የሕንፃው ስም ወይ መስኮቱ ከታየ የት እንዳለሽ ለዓለም ነገርሽ ማለት ነው። ከአሠሪ ቤት ወጥታ የምትሠራ ልጅ ደግሞ በዚህ ልትያዝ ትችላለች። ባሕረ ሰላጤ ያላችሁ የበለጠ ተጠንቀቁ። በሳዑዲ የ2007 የሳይበር ሕግ የሰውን ግላዊ ሕይወት በሞባይል ካሜራ መድፈር እስከ 1 ዓመት እስርና እስከ 500,000 ሪያል ያስቀጣል። በኤሚሬትስም የ2021 ሕግ ሰውን ያለ ፈቃዱ ቀርፆ ማሰራጨትን ቢያንስ 6 ወር እስር፣ ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም መቀጮ ወይም ሁለቱንም ያስፈርድበታል።

አምስተኛው ለመናገር ይከብዳል፣ ግን እናገረዋለሁ። ወንድ በኢንተርኔት ይተዋወቃል፣ ለወራት «ሚስቴ» ይላል፣ ራቁት ፎቶ ይለምናል። ከዚያ «ብር ካልላክሽ ለአባትሽ እልከዋለሁ» ይላል። እህቴ፣ አትክፈይው። ዛሬ የከፈልሽው ነገ እጥፍ ይጠይቅሻል። የጻፈውን አታጥፊው፣ ስክሪንሾት አንሺው፣ ከዚያ ብሎክ አድርጊው። ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል ነጻ አገልግሎትም አለ። ፎቶው ከስልክሽ ሳይወጣ አሻራውን ብቻ ይወስዳል፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ያ አሻራ ያለውን ፎቶ እንዲያግዱት ያደርጋል። እንዴት እንደሚሞላ እናሳይሻለን፤ ፎቶውን ማናችንም አናየውም።

ዋትስአፕሽ ከተወሰደብሽ ደግሞ አትደንግጪ። ወዲያው በቁጥርሽ እንደገና ግቢና አዲስ የሚመጣልሽን ኮድ አስገቢ። ሌባው ያኔውኑ ይወጣል። እሱ ሁለተኛ ቁልፍ አድርጎበት ከሆነ 7 ቀን ትጠብቂያለሽ፤ ግን እሱም ውስጥ የለም። እስከዚያው በሰው ስልክም ቢሆን ለሁላችን አስነግሪ።

ማስነገሩ ነው ዋናው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አንዷ አፍራ ዝም ስትል ሌባው ወደ ቀጣይዋ ይሄዳል። የተሰረቀችው አትሰደብም፤ የሚታፈርበት ሌባው ነው።

ሁለት ነገር ጠይቄ ላብቃ። አንደኛ፣ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትደውሉ ከእናታችሁ ጋር አንድ ጥያቄ ተስማሙ። አሁን የሰው ድምፅ እንኳ በማሽን ይመሰላል፤ ስለዚህ በናንተ ስም ብር ሲጠየቁ እነሱም ይጠይቁ። ፌስቡክ ላይ የሌለ ነገር ይሁን፦ «የሸጥናት ላም ስሟ ማን ነበር?» የመሰለ። እቁባችንም የራሱ ጥያቄ ይኑረው።

ሁለተኛ፣ አሁን ቡናው እስኪፈላ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። የምታውቀው ለማታውቀው መንገዱን ታሳያት። ስድስቱን ቁጥር ስትጽፍ ግን ፊቷን ታዙርላት።