ስለ ድንጋይ ቀራጩ ዊልያም ኤድመንድሰን



የዛሬው ንግግሬ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሳይገባ ቀራጭ ስለ ሆነ ሰው ነው። ዊልያም ኤድመንድሰን እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 ገደማ በአሜሪካ፥ በቴኔሲ ግዛት፥ ከባርነት ነጻ ከወጡ ወላጆች ተወለደ። በናሽቪል ከተማ በምድር ባቡር፥ ኋላም በሆስፒታል በጉልበት ሥራ ሲያገለግል ኖሮ፥ ወደ ስድሳ ዓመቱ ሲቃረብ እግዚአብሔር ድንጋይ እንዲቀርጽ እንዳዘዘው ተናገረ። ከፈረሱ ቤቶች የተገኘ የኖራ ድንጋይ፥ ከሐዲድ ችንካር በተበጀ መሮ እየጠረበ፥ በመጀመሪያ ለጥቁር ወገኖቹ የመቃብር ድንጋይ ሠራ፤ ቀጥሎም ርግብ፥ መላእክትና ሰባኪ ቀረጸ።

በ1937 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም 12 ሥራዎቹን ለብቻቸው አሳየ፤ በዚያ ሙዚየም ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እርሱ ነው። ይሁንና ያመሰገኑት ሰዎች ሳይቀሩ እንዳልሠለጠነ ሰው ቈጠሩት። በ1951 ሲሞት፥ ለብዙዎች የመቃብር ምልክት ያቆመው ሰው ለራሱ ምልክት አልቆመለትም፤ በማውንት አራራት መካነ መቃብር ውስጥ ያረፈበት ትክክለኛ ስፍራ ዛሬም አይታወቅም።

ጓደኞቼ፤ ለዲግሪ የምንጣደፍ እኛ፥ አንድን ሰው «ያልተማረ» ከማለታችን በፊት ቀርበን ሥራውን እንይ።