ሁለት የአስማት ቤቶች በይፋት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




መሐንዲስ በጉባኤ ፊት ሲቆም ስለ ድልድይ፣ ስለ መንገድ ወይም ስለ ውሃ ኃይል እንዲናገር ይጠበቃል። እኔ ዛሬ የመረጥሁት ርእስ ግን ልብ ወለድ ነው፤ ያውም ስለ አስማተኞች ጦርነት የሚተርክ ልብ ወለድ። ምክንያቴን በቅድሚያ ልግለጽ። ልጆቻችንና ወጣት ባልደረቦቻችን ይህን ዓይነት መጽሐፍ በብዛት ያነባሉ፤ ፊልሙንም ያያሉ። ከዚያ የሚቀስሙት ነገር ስለ ዕውቀትና ስለ ጠላት ያላቸውን አስተሳሰብ መቅረጹ አይቀርም። ዕውቀት ደግሞ የእኛም የሙያ ጉዳይ ነው።

የዚህ ድርሰት አሠራር የታወቀ ነው። ደራሲው ከነወንዙ፣ ከነተራራውና ከነቋንቋው አንድ ዓለም ይፈጥራል። በዚያ ዓለም ሁለት የአስማት ትምህርት ቤቶች ይቆማሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ መጽሐፍ፣ የራሱ መምህርና የራሱ ምስጢር አለው። ከዚያም ጦርነት ይነሣል። ደካማው ደራሲ አንዱን ቤት ብርሃን፣ ሌላውን ጨለማ አድርጎ ይጀምርና የጨለማው ቤት ሲፈርስ መጽሐፉን ይዘጋል። ጎበዙ ደራሲ ግን ጠለቅ ብሎ ይጠይቃል። አሜሪካዊቷ ኧርሱላ ለ ጊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ባሳተመችው የመጀመሪያው የኧርዝሲ መጽሐፍ፣ አስማት ማለት የነገርን እውነተኛ ስም ማወቅ ነው፤ ጀግናው ሲሸሸው የቆየው ጥላም በመጨረሻ የራሱን የጀግናውን ስም የያዘ ሆኖ ይገኛል።

ይህ አሳብ ለግእዝ አንባቢ እንግዳ አይደለም። «አስማት» የሚለው ቃል ራሱ በግእዝ «ስሞች» ማለት ነውና። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ልብ ወለድ ከባሕር ማዶ እንደ መጣ ዕቃ ብቻ መቍጠር አይገባንም። የሚበቅልበት መሬት በአገራችን አለ። እኔ ከዚህ መሬት ይፋትን እመርጣለሁ።

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት የሚደርስ መንገደኛ መቶ ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ላይ ገብስና ብርድ፤ ታች የሮቢ ወንዝ፣ ማንጎ፣ ሽንኩርትና የቆላ ሙቀት። በዚህ ቁልቁለት ግራና ቀኝ ሁለት መንግሥታት ለረጅም ዘመን ተፋጥጠው ኖረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን የሙስሊም ሱልጣኔት ድል አድርጎ የይፋትን መንግሥት አጸና። በ1332 ዐፄ ዐምደ ጽዮን ከይፋቱ ገዥ ከሰብረዲን ጋር ተዋጉ፤ የደጋው ጸሓፊም ድሉን በግእዝ ሲተርክ የእግዚአብሔር ድል አደረገው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ዐረብ ፈቂህ የኢማም አሕመድን ዘመቻ በዐረብኛ ሲጽፍ ድሉን የአላህ ድል አደረገው። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው፣ እያንዳንዱ ጸሓፊ ብርሃኑን ለወገኑ፣ ጨለማውን ለባላጋራው እንዳከፋፈለ ይመለከታል።

በሁለቱ ጦርነቶች መካከል፣ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን መሠረቱ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ የጠንቋዮችን ጥቃት ለመከላከል ካህናት በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ሌሊትና ቀን መዝሙር እየደገሙ ጸበል ይረጩ ነበር። ሕዝቡም ሰይጣንን መካዱን የሚመሰክር ቃል በአካሉ ላይ እንዲጽፍ ታዘዘ። እንግዲህ የአስማት ጦርነት በደራሲ ምናብ ብቻ የተገኘ አይደለም፤ በአንድ ወቅት የመንግሥት ሥራ ነበር። ሃይማኖትን ከጥንቆላ ጋር ማስተካከሌ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የምናገረው ስለ አሰያየሙ ነው፤ ሰው የራሱን ሥርዐት ጸሎት፣ የባላጋራውን ሥርዐት አስማት ብሎ የመጥራት ልማድ አለው።

ከስያሜው አልፈን አሠራሩን ብንመረምር ምን እናገኛለን? በደጋው ወገን ደብተራው የብራና ክታብ ይጽፋል፤ የብራናው ቁመት ከባለቤቱ ቁመት ጋር ይለካል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ነው። በቆላው ወገን ሼኹ የቁርኣን አንቀጽ በሎህ ላይ ይጽፋል፤ ጽሕፈቱ በውሃ ይታጠብና ሕመምተኛው ውሃውን ይጠጣል። በሁለቱም ወገን ይህን ልማድ የሚያወግዙ ሊቃውንት አሉ። ነገር ግን የደብተራው «ጠልሰም» ከዐረብኛው «ጢልሰም» ጋር አንድ ቃል ነው፤ ዐረቦችም ከግሪክ ወስደውታል። «ክታብ» የሚለውም ግእዝና ዐረብኛ ከሚጋሩት «ከተበ» ከሚለው ሥር ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ስሌቱ ነው። በዐውደ ነገሥት የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ተለውጠው ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ ቀሪው የሰውየውን ኮከብ ይሰጣል። በዐረብኛ የኮከብ ቆጠራ መጻሕፍትም ይኸው ዘዴ ይገኛል። የኮከቦቹን ስም ስሙ፤ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። የደጋው ደብተራ በግእዝ ፊደል የጻፋቸው እነዚህ ስሞች ሁሉም የዐረብኛ ናቸው። ሁለቱ ቤቶች ሰማዩን የሚከፍሉት በአንድ ቀመር ነው።

በእኔ አስተያየት በአማርኛ ሊጻፍ የሚገባው ታላቅ የአስማት ጦርነት ልብ ወለድ በዚህ ምሰሶ ላይ ሊቆም ይችላል። የተማረከ አንድ ወጣት ደብተራ የባላጋራውን መጽሐፍ ገልጦ የራሱን ኮከብ ስም ቢያነብ ምን ይሆናል? ለመምህሩ ይናገራል ወይስ ይደብቃል? ጦርነቱ የቆመው ምስጢሮቹ የተለያዩ ናቸው በሚል እምነት ከሆነ፣ ይህ ልጅ ያወቀው ነገር ከማናቸውም ድግምት ይልቅ አደገኛ ነው። ደግሞም የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 በሮም ያሳተሙት ታሪክ፣ በክርስቲያንና በአረመኔ ጦርነት ተጀምሮ የሚፈጸመው በጋብቻ ነው። ደራሲያችን የሚጀምርበት መንገድ ከዚያ ወዲህ ተጠርጓል።

ለእንዲህ ያለው ደራሲ ከሙያችን አንድ ምክር አለኝ። ማንኛውም ምሰሶ የሚሸከመው ክብደት ወሰን አለው። አስማቱም ወሰንና ዋጋ ይኑረው። የእናት ስም ካልታወቀ የማይሠራ፣ ከባለቤቱ ቁመት ያጠረ ክታብ እግርን የማይጠብቅ ይሁን። ወሰን የሌለው ኃይል ባለበት ጀግናው የሚጨነቅበት ነገር የለም፤ አንባቢውም አብሮት አይጨነቅም።

ይህን ሁሉ የምለው ለጨዋታ ያህል አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ በደረሰው ጥቃት ሰዎች ሞቱ፤ ቤቶች ተቃጠሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘለቀ። የእነዚህን ግጭቶች ምክንያት ለመተንተን አልቆምሁም። ነገር ግን በዚያ አካባቢ የሚያድግ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጎረቤትን በጅምላ ጨለማ የሚያደርግ ታሪክ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም፤ ያንን ከመንገድ ሊሰማው ይችላል። ከመጽሐፍ የሚያስፈልገው ከመንገድ የማያገኘው ነው፤ ይኸውም ባላጋራው የራሱ ምክንያት፣ የራሱ መምህርና ምናልባትም ከእርሱ ጋር አንድ የሆነ መጽሐፍ እንዳለው የሚያሳይ ታሪክ ነው።

እኛ መሐንዲሶች ስሌታችንን ለባልደረባ ገልጠን እናሳያለን፤ ባልደረባውም መርምሮ ይፈርምበታል ወይም ስሕተቱን ያሳየናል። ሁለቱ የይፋት ቤቶች ግን ቀመራቸውን በምስጢር ጠበቁ። ስለዚህ ማኅበራችን በሚሰጠው ዓመታዊ የመጻሕፍት ስጦታ፣ ለሸዋ ሮቢትና ለአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች ከቴክኒክ መጻሕፍት ጋር ልብ ወለድና ታሪክም እንዲጨመር፣ የግእዙም የዐረብኛውም ወገን ታሪክ በአማርኛ ተተርጕሞ በአንድ መደርደሪያ እንዲቀመጥ አሳብ አቀርባለሁ። ጉባኤው እንዲወያይበት በትሕትና እጠይቃለሁ።