ከ45 ዓመት በኋላ የተሻረ ፍርድ

አቅራቢ 1፦ በእንግሊዝ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ይግባኙን በ28 ቀን ውስጥ ያስታውቃል።

አቅራቢ 2፦ ቀኑ ካለፈስ? ነገሩ አበቃ?

አቅራቢ 1፦ አላበቃም። በቂ ምክንያት ያለው ሰው ፍርድ ቤቱን ያስፈቅዳል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ የጀመረ አጣሪ ኮሚሽን አለ፤ ያረጀ መዝገብ መርምሮ ለይግባኝ ሰሚው ይመራል።

አቅራቢ 2፦ የሞተ ሰው መዝገብም ጭምር!

አቅራቢ 1፦ አዎ፣ የዴሪክ ቤንትሌይ አንዱ ነው። በ1952 ክሮይደን ውስጥ አንድ ፖሊስ ተኩሶ የገደለው የ16 ዓመት ጓደኛው ነበር፤ ዕድሜው ስላልደረሰ ከስቅላት ተረፈ። አብሮት ጥፋተኛ የተባለው የ19 ዓመቱ ቤንትሌይ ግን በ1953 መባቻ ተሰቀለ።

አቅራቢ 2፦ በ1993 ይቅርታ ተደርጎለት የለም እንዴ?

አቅራቢ 1፦ ተደርጎለታል፤ ግን ለሞት ቅጣቱ ብቻ። ጥፋተኛ መባሉ እንዳለ ቀረ።

አቅራቢ 2፦ እሱማ ግማሽ ፍትሕ ነው።

አቅራቢ 1፦ እኅቱ አይሪስም ያንን አልተቀበሉም፤ ስሙ እንዲነጻ ዕድሜ ልካቸውን ታገሉ። በጁላይ 1998 ይግባኝ ሰሚው ጥፋተኝነቱን ሻረ።

አቅራቢ 2፦ አዲስ ማስረጃ ተገኝቶ ነው?

አቅራቢ 1፦ ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም። የ1952ቱ ዳኛ ለጁሪው የሰጡት ማብራሪያ ወደ ከሳሽ ያጋደለ ነበር፤ ተከሳሹ ፍትሐዊ ችሎት ተነፍጓል ተባለ።

አቅራቢ 2፦ አይሪስ ግን ውሳኔውን አልሰሙም፤ ከዚያ ከዓመት በፊት ዐርፈው ነበር።