በፓርኪንሰን ደዌ ስለሚመጣ የእግር ድካም የተደረገ ንግግር



ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በናይሮቢ ከተማ፤ ላቪንግተን በተባለው ሰፈር፤ ይህ ደዌ ያደረበት አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ይታሰብ። በጄምስ ጊቹሩ መንገድ ዳር ጥቂት እንደ ተራመደ እግሩ እንደ ድንጋይ ይከብድበታል። «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላል። ልጆቹም በርኅራኄ «አባባ፤ ይረፉ፤ ከእንግዲህ አይውጡ» ብለው ያስተኙታል። ጉዳቱ የሚብሰው ከዚህ ላይ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን፤ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1817 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፤ የጡንቻ ኃይል መቀነሱን ከመንቀጥቀጡ ጋራ አያይዞ አመልክቷል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፈረንሳዊው ሻርኮ ግን የብዙዎቹ ችግር ከኃይል ማነስ ይልቅ የእንቅስቃሴ መዘግየት መሆኑን አስረዳ። ሁለቱም ከእውነቱ ድርሻ አላቸው። ደዌው ዶፓሚን የተባለውን ቅመም የሚያመነጩትን የአንጎል ሕዋሳት ስለሚያጠፋ፤ ወደ ጡንቻ የሚወርደው ትእዛዝ ይደክማል፤ ይዘገያልም። ጡንቻው ራሱ ሳይታመም ኃይሉን ቶሎ ሊያወጣ አይችልም፤ ከወንበር መነሣት የሚያስቸግረውም አንዱ ስለዚህ ነው። ሕመምተኛው ተኝቶ ሲከርም ግን ጡንቻው ይከሳል፤ በትእዛዝ ጉድለት ላይ የሥጋ ጉድለት ይደረባል።

ሲነሣ የደም ግፊቱ የሚወርድበት፤ እንቅልፍ ያጣ ወይም ትካዜ የጸናበት ሕመምተኛም እግሩ ይዝላል። በድንገት የመጣ ወይም በአንድ ወገን ብቻ የበረታ ድካም ግን ሌላ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ ነው። ይህ ቅመም እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. ከባቄላ ተለይቶ መታወቁ ባቄላ ለሚያበቅል አገር ሰው የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በእሸቱ ውስጥ ያለው መጠን ስለማይታወቅ በኪኒኑ ፈንታ ሊበላ አይገባም። እንዲያውም ሥጋም ሆነ ሽሮ ከኪኒኑ ጋራ በአንድ ጊዜ ሲወሰድ መድኃኒቱን ይሻማዋል። ስለዚህ ሆዱን ካልረበሸው ኪኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ መዋጥ ይመከራል። ኪኒኑ የተዋጠበትና እግሩ የዛለበት ሰዓት በወረቀት ቢያዝ፤ ድካሙ የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ የሚመጣ እንደ ሆነ ሐኪሙ ይለያል፤ ሰዓቱንም ያስተካክላል። ሕመምተኛው በገዛ እጁ መጠኑን መጨመር የለበትም።

ራሳቸው ሕመምተኛ የሆኑት ወይዘሮ ክብራ ከበደ በአዲስ አበባ የፓርኪንሰን ሕሙማን መርጃ ድርጅት የመሠረቱት ስለ ደዌው ያለው ዕውቀት አነስተኛ በነበረበት ጊዜ ነው። ቤተ ሰብ ያላወቀውን ደዌ በስንፍና ወይም በእርጅና ያሳብበዋል።

ሥራው በቤት ይጀመራል። መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት፤ ሰው በአጠገብ ቆሞ፤ ከማይነቃነቅ ወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፤ እያረፉ በየቀኑ መራመድ። እግር መሬት ይዞ ሲቀር መጎተት ይጥላል። የላቪንግተኑ ሽማግሌ ልጅም ክንዱን መጎተቷን ትታ ከጎኑ ሆና «አንድ፤ ሁለት» እያለች ብትቆጥርለት፤ ወይም የሚሻገረው መስመር ከፊቱ ብታሳየው፤ የቆመው እግር ብዙ ጊዜ ይነሣል።