አመዱስ ወዴት ይሂድ?



በኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ በተባለው የቆሻሻ መጣያ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን አጡ። ከዚያው አጠገብ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ ቆሻሻ አቃጥሎ ኃይል የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ። ይሁን እንጂ እሳት ቆሻሻን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋም፤ አመድ ይተርፋል። ታዲያ አመዱ ሌላ ክምር ይሁንን?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሶቪየት ኅብረት መሐንዲሶች ከብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ሽላኮሲታል የተባለውን የመስታወት ሴራሚክ ሠርተው ለወለልና ለግድግዳ አውለውታል። ዝቃጩ ከአሸዋ ጋር ከ1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ቀልጦ መስታወት ይሆናል። ቅርጽ ከያዘ በኋላ ዳግመኛ ይሞቃል፤ በመጀመሪያ ደቃቅ የክሪስታል ዘሮች ይበቅላሉ፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል ያድጋሉ። ውጤቱ ከተራ መስታወት የጠነከረ ነው።

አመድም ሲሊካ፣ አሉሚናና ካልሲየም ኦክሳይድ ስላለው ለዚሁ ተግባር ሊውል ይችላል። ነገር ግን ቅንብሩ እንደ ቆሻሻው ይለዋወጣል፤ እርሳስን የመሰሉ መርዛማ ብረቶችም አይጠፉበትም። ለማቅለጫ የሚወጣውም ኃይል ቀላል ወጪ አይደለም። ስለሆነም ከምድጃው በፊት ምርመራው ይቅደም እላለሁ። አንድ ትንሽ ምድጃ፣ አንድ ሚዛንና በየዕለቱ የሚሞላ የአመድ መዝገብ ለመነሻ ይበቁናል።