ሁለት ዕቃዎች በሚገናኙበት ስፍራ

(የሳይንስ ክበብ አባሎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



የምንናገረው ስለ አንድ ስሕተታችን ነው። በበዓል ቀን ስሕተትን ማውራት ነውር ነው የሚል ቢኖር፣ አሁን የቆምንበት መድረክ የተሠራው ያ ስሕተት ከታረመ በኋላ መሆኑን ሲሰማ ይቅር እንደሚለን ተስፋ እናደርጋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለበዓሉ መድረክ እንዲሠራ በታሰበ ጊዜ ክበባችን የሳንቃውን ውፍረት በኮምፒውተር አስልቶ እንዲያቀርብ ታዘዘ። እያንዳንዱ ሳንቃ 30 ሳንቲሜትር ስፋት አለው፤ የሚጋደመውም በሁለት ወፍራም አግዳሚ እንጨቶች ላይ ነው፤ በአግዳሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ነው። የወላጆች ኮሚቴ ገንዘብ እንዳይባክን ብለን ውፍረቱን 3 ሳንቲሜትር አደረግነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው በመካከሉ ቢቆም ሳንቃው ምን ያህል ይጎብጣል ብለን ብንጠይቅ፣ ኮምፒውተሩ 5 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም ሲል መለሰልን። ሥዕሉም በቀይና በሰማያዊ ቀለም አምሮ ስለ ወጣ ሥራው አለቀ ብለን ተደሰትን።

የእንጨት ሥራ አስተማሪያችን ግን ሥዕሉን ጥቂት ተመልክተው፣ «ልጆቼ፣ ሳንቃውን ከአግዳሚው ጋር ያያዘው ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አጣን።

የጥያቄያቸውን ጥልቀት ለመረዳት ኮምፒውተሩ ነገሩን እንዴት እንደሚያየው ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህን ስሌት መሠረት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 ዓ. ም. ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ የተባሉ አራት ሊቃውንት በጋራ ጽፈው አወጡት፤ በ1960 ዓ. ም. ደግሞ ክላፍ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ዕቃ በአሳብ እንደ መረብ ወደ ብዙ ትናንሽ ክፍሎች ይከፋፈላል። ክፍሎቹ የሚያያዙበት ነጥብ አንጓ ይባላል። ኃይል ከክፍል ወደ ክፍል የሚተላለፈው በአንጓዎቹ ነው።

እንግዲህ ችግሩ የሚነሣው ሁለት ዕቃዎች ሲነካኩ ነው። ሳንቃው የራሱ መረብ አለው፤ አግዳሚውም የራሱ። እኛ አንዱ በሌላው ላይ መጋደሙን በዓይናችን እናያለን፤ ኮምፒውተሩ ግን ካልተነገረው አያውቅም። ምንም ካልነገርነው ሳንቃው በአግዳሚው ውስጥ እንደ ጢስ አልፎ ይወርዳል፤ ወይም ፕሮግራሙ ዕቃው የሚይዘው የለም ብሎ ስሌቱን ያቆማል። ይህ ስሕተት ራሱን ስለሚያጋልጥ ብዙ አያስፈራም።

ሁለቱ መረቦች አንድ አንጓ እንዲጋሩ ብናደርግ፣ ወይም የሚነካኩትን ገጾች «የተጣበቁ» ብንላቸው፣ ሁለቱ ዕቃዎች እንደ አንድ አካል ይሆናሉ። ይህ በእውነት ለተበየደ ብረት ወይም በሙጫ ለተያያዘ እንጨት ተገቢ ነው። ሦስተኛው መንገድ፣ ገጾቹ እርስ በርስ እንዳይሰርጉ ከልክሎ፣ ሲጫኑ እንዲገፋፉ፣ ሲላቀቁ እንዲለያዩ፣ ሲንሸራተቱም እንዲፋተጉ ማዘዝ ነው። ይህ ስሌቱን ደጋግሞ መሥራት ስለሚጠይቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን ተጋድሞ ብቻ የተቀመጠ ዕቃ ጠባይ ይህ ነው።

በዚህም ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። በሥዕሉ ላይ በሁለቱ ገጾች መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ቢቀር፣ ፕሮግራሙ አይነካኩም ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። ደግሞም ግፊቱ የሚበዛው በመገናኛው አጠገብ ስለ ሆነ መረቡ በዚያ ስፍራ መድቀቅ አለበት፤ የሁለቱም ወገን ክፍሎች በመጠን ቢቀራረቡ ይመረጣል።

የእኛ ጥፋት የት ላይ ነበር? ፕሮግራሙ የሚነካኩትን ገጾች በራሱ ፈልጎ ሁሉንም «የተጣበቁ» ብሎ ሞልቷቸው ነበር፤ እኛም ሳናነብ አለፍነው። ስለዚህ ያሰላነው በሁለት ጫፉ ተጣብቆ የተያዘ ሳንቃ ነበር እንጂ የእኛን ሳንቃ አልነበረም። በመካከሉ ክብደት የተጫነበት፣ ጫፎቹ ተጋድመው ብቻ ያሉ ሳንቃ፣ ጫፎቹ አጥብቀው ከተያዙት ይልቅ አራት እጥፍ ይጎብጣል። ይህ በወረቀትና በእርሳስ የሚገኝ የታወቀ ውጤት ነው፤ እኛ ግን ወረቀትና እርሳስ አላነሣንም ነበር።

አስተማሪያችን በቃል አልተወሰኑም። 3 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሳንቃ በሁለት አግዳሚዎች ላይ አጋድመው 75 ኪሎ አሸዋ በጆንያ አስጫኑን፤ ማስመሪያም አስያዙን። ሳንቃው የጎበጠው 5 ሳይሆን ከ18 ሚሊሜትር በላይ ነበር። በዚያ መድረክ ላይ የሚዘሉት የመዝሙር ክፍል ትናንሽ ልጆች መሆናቸውን ስናስብ ደነገጥን። ከዚያም የመገናኛውን ትእዛዝ አርመን እንደ ገና አሰላን፤ የኮምፒውተሩና የማስመሪያው ቁጥር ተቀራረበ። ውፍረቱን 5 ሳንቲሜትር ብናደርገው መጉበጡ ወደ 4 ሚሊሜትር ወረደ። ኮሚቴውም ተጨማሪውን ገንዘብ ያለ ቅሬታ ፈቀደ፤ ለዚህም በይፋ እናመሰግናለን።

እንዲህ ያለ ነገር በተማሪዎች ብቻ የሚደርስ አይምሰላችሁ። በኖርዌይ አገር፣ በስታቫንገር ከተማ አጠገብ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ኦገስት 23 ቀን 1991 ዓ. ም. ስላይፕነር ኤ የተባለው የባሕር ላይ ጋዝና ዘይት ማውጫ የኮንክሪት መሠረት ሰጠመ። መሠረቱ ጎን ለጎን ከቆሙ 24 ታላላቅ ጉድጓድ መሰል ክፍሎች የተሠራ ነበር። ግድግዳዎቹ አንድ ወጥ ኮንክሪት ስለ ሆኑ እንደ ሳንቃችን ተጋድመው የተቀመጡ አልነበሩም። ሆኖም ጥፋቱ የተገኘው ሦስት ክፍሎች ግድግዳቸውን በሚያገናኙበት ማእዘን ነው። በዚያ ስፍራ መረቡ ተገቢ ስላልነበረ ግድግዳውን ቈርጦ የሚያልፈው ኃይል በ47 ከመቶ አንሶ ተሰላ፤ ግድግዳውም ሳሳ፤ በውስጡ የገባው ብረትም በቂ አልነበረም። የደረሰው ጠቅላላ ኪሣራ 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ። በኋላ በጥንቃቄ የተደረገ ስሌት ግድግዳው በ62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር አሳየ፤ በእርግጥ የተሰበረውም በ65 ሜትር ላይ ነበር። ስለዚህ ዘዴው አልዋሸም፤ የተበላሸው ለዘዴው የተነገረው ነገር ነው።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። እኛም ከዚህ ሥራ የተማርነው፣ ድሩ በእርግጥ ማበሩን አስቀድሞ መመርመር እንደሚገባ ነው። ስለዚህ ክበባችን ሦስት ደንብ አውጥቷል። ማናቸውም ስሌት ከመጀመሩ በፊት የሚነካኩት ገጾች በዝርዝር ይጻፋሉ፤ በእያንዳንዱም ፊት የተጣበቀ፣ የሚንሸራተት ወይም የሚላቀቅ መሆኑ ይመለከታል። የኮምፒውተሩ ውጤት በእርሳስ ስሌት ይመዘናል። በሚቻልበት ጊዜም ዕቃው ራሱ ይፈተናል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ኮምፒውተር የጠየቁትን የሚመልስ እንጂ ያልጠየቁትን የሚያስታውስ አይደለም። «ያያዘው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዛሬም ያስፈልጋል። ያንን ጥያቄ ለጠየቁን አስተማሪያችን ምስጋናችን የላቀ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የመዝሙር ክፍል ልጆች ወደዚህ መድረክ ይወጣሉ። ያለ ሥጋት እንዲዘሉ እንጋብዛቸዋለን።